ገላጋይ ከሌለበት ክርክር እንዴት ይወጣል?

«በሕግ አምላክ!» የምትለው ቃል በአያቶቻችን ዘመን እጅ ትይዝ ነበር። ሁለት ሰዎች ገበያ መሀል ተናንቀው ሳለ አላፊ አግዳሚው ይህችን ቃል ጮክ ብሎ ከተናገረ፣ ጠበኞቹ ባሉበት መቆም ነበረባቸው። ቃሉን እየሰማ እጁን ያልሰበሰበ ሰው ባላጋራውን ብቻ ሳይሆን ሕግንም እንደ ደፈረ ይቆጠር ነበር። ከዚህ ሥርዓት ሁሌ የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ፤ ቃሉ ማንም ላይ አይፈርድም። ማን በደለ፣ ማን ተበደለ አይልም። ለሁለቱም ክብራቸው ሳይነካ የሚያቆሙበትን ምክንያት ይሰጣቸዋል፣ በቃ። ያቆመውን ሰው «ፈርቶ ነው» የሚለው የለም፤ ያቆመው በሕግ ስም ነዋ።

ዛሬ ፖለቲካ የምንከራከረው በአብዛኛው ስልካችን ላይ ነው። እዚያ ተመልካች ሞልቷል፣ «በሕግ አምላክ» የሚል ግን የለም። ታዲያ ገላጋይ በሌለበት ሰው ራሱን እንዴት ይገላግላል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ «ስልኩን ማስቀመጥ ነዋ» ይባላል። ነገር ግን ስልኩን ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ከክርክሩ ወጥቷል ማለት አይደለም። በጥሩ ሁኔታ የወጣም ጥቂት ነው።

በትግራዩ ጦርነት ጊዜ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከአጎቴ ጋር አንድ ሌሊት ተከራክሬያለሁ። እሳቸው ያሉት ሜሪላንድ ነው፣ እኔ አዲስ አበባ። ማን ምን እንዳለ አልዘረዝርም፤ በብዙ ቤት የተባለው ነው እኛም ቤት የተባለው። በእኔ ሰዓት ከሌሊቱ ሰባት ሆኖ ነበር፤ በእሳቸው ገና አመሻሽ ነው፣ ከሥራ ወጥተው ተቀምጠዋል። ስልኩን ሳስቀምጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጻፍኳቸው መካከል አንዱ፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ አዝለው ላሳደጉኝ ሰው የሚባል አልነበረም። ይህን የምጽፈው ያን ሌሊት ማወቅ የነበረብኝን ነገር በኋላ ስለ ተማርኩ ነው።

ተነስተን መሄድ ለምን ያቅተናል?

የእኛ ሰው ሙግት ይወዳል። በላ ልበልሃ የሚባለው ጥንታዊ የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ በግጥምና በምሳሌ እየተጠያየቁ የሚረቱበት አደባባይ ነበር። ይሁንና ያ ሙግት በየአቅጣጫው የታጠረ ነው። ዳኛ አለው፤ መንገደኛም ቢሆን «ዳኛ ሁነን» ሲባል ተቀምጦ ይሰማል። ተራ አለው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። በማር ወይም በበቅሎ መወራረድ ስለ ነበር፣ ያለ ማስረጃ አፉን የሚከፍት ሰው የሚያጣው ነገር ነበረው። በመጨረሻም ፍርድ አለ። ያልተስማማ ይግባኝ ይላል እንጂ እዚያው ሲጯጯህ አያድርም።

ቁራኛ የሚባል ሌላ ሥርዓትም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ተያይዘው አብረው ይሄዱ ነበር። የፌስቡክና የቴሌግራም ክርክር ለእኔ በላ ልበልሃው ጠፍቶ ቁራኛው ብቻ የተረፈበት ሙግት ነው። ዳኛ የለም፣ ተራ የለም፣ ፍርድ የለም፤ ነጠላችን ግን ከማናውቀው ሰው ነጠላ ጋር ተቋጥሯል። ምሳ እየበላን መልሱን እናስባለን፣ ልጅ እያስተኛን የምንጽፍለትን እናረቅቃለን።

ቋጠሮውን የሚያጠብቁት ነገሮች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ተመልካቹ ነው። ሰው ዝም ሲል «መልስ አጣ፣ ሮጠ» የሚባል ይመስለዋል። ግን ተመልካቹ ማን ነው? የዴንማርክ ተወላጁ የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪ ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሰፈረው የታወቀ ግምት መሠረት፣ በኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ውስጥ ከ100 ሰው 90ው አንብቦ ብቻ ያልፋል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ አብዛኛውን ነገር የሚጽፈው 1 ሰው ነው። የቤተሰብ ግሩፕም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አክስቶች፣ የአክስት ልጆች፣ የወንድም ሚስት፣ ሁሉም ያነባሉ፣ አይጽፉም። እነዚያ ዝምተኞች የመጨረሻውን ቃል ማን እንደ ተናገረ ቆጥረው አያውቁም። ማን እንደ ተሳደበ ግን ያስታውሳሉ። የእኔን ሌሊት እናቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበቧን ያወቅሁት በማግሥቱ ነው፤ ቡና እያፈላች «አነበብኩት» አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም።

ሁለተኛው ማሽኑ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የዜና ገጹን አሠራር ሲለውጥ፣ ሰዎች ኮመንት የሚለዋወጡበትን ነገር ከፍ አድርጎ ለማሳየት ነበር ዓላማው። ጭቅጭቅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ኮመንት ያመርታል። የቀድሞዋ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር፣ ይህ አሠራር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለማሳየት ከጠቀሰቻቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በዚያው ሰሞን ከወጡት የኩባንያው ሰነዶች ሌላም ነገር ታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የተቆጣው ፊት ምልክት፣ እንደ ሌሎቹ ስሜት መግለጫዎች ሁሉ፣ በማሽኑ ሚዛን ላይ እንደ አምስት ላይክ ይቆጠር ነበር። በኋላ ነው ኩባንያው ሚዛኑን ደረጃ በደረጃ ቀንሶ በ2020 ዜሮ ያደረገው። ማለትም ተናደን የሰጠነው ምላሽ ያናደደንን ጽሑፍ ለብዙ ሰው ያደርሰው ነበር።

በትዊተር ላይም ተመሳሳይ ነገር ተለክቷል። ዊሊያም ብራዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ከ560 ሺህ በላይ የአሜሪካ ፖለቲካ ጽሑፎችን መርምረው፣ ስለ ጽድቅና ስለ ኃጢአት በስሜት የሚናገር አንድ ቃል በተጨመረ ቁጥር የጽሑፉ መሰራጨት በ20 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አገኙ። በቲክቶክ ላይቭ ነገሩ ከዚህም ግልጽ ነው፤ ክርክሩ ሲጦፍ ተመልካች ይበዛል፣ ተመልካች ሲበዛ ስጦታው ይዘንባል። እዚያ የገባ ሰው ለእውነት ሲል ቢጮህም ገንዘቡን የሚሰበስበው ሌላ ነው።

ሦስተኛው የጽሑፍ ጠባይ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የጀስቲን ክሩገርና የባልደረቦቹ ጥናት አለ። ተሳታፊዎች ግማሹ የምር፣ ግማሹ የሽሙጥ የሆኑ ዐረፍተ ነገሮችን ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፉ ተደረገ። በኢሜይል የጻፉት ሰዎች አንባቢያቸው ከ100 ጊዜ 78ቱን በትክክል እንደሚረዳቸው ገምተው ነበር። አንባቢው በትክክል የለየው 56ቱን ብቻ ነው፤ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። በድምፅ የተናገሩት ግን 73ቱ ተለይቶላቸዋል። ይህ በእኛ ቋንቋ ላይ ሲመጣ የባሰ ይመስለኛል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ «ጎበዝ ነህ» የሚለው ቃል ምስጋናም ስድብም ነው፤ የሚለየው ድምፁና ፊቱ ነው። ፊቱ በሌለበት አንባቢው ሁልጊዜ ወርቁን ይቆፍራል፣ የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ስድብ ነው።

አራተኛውን ግን ከሁሉም አስበልጬ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ሐዘን ነው። በኅዳር ወር 2020 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። ውጭ አገር ያለ ሰው እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ወራት ቆጥሯል። ከዚያ በፊት፣ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭቱ ሲቀጣጠል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ወገኑን በስልክ ማግኘት ያቃተው ሰው ምን ያደርጋል? ገንዘብ ቢልክ አይደርስም፣ ቢደውል አይነሳም። በእጁ የቀረችው ብቸኛ ነገር መጻፍ ናት። ስለዚህ «ዲያስፖራው አገር ሳይኖር ያቀጣጥላል» ብለን የምንዘልፈው ሰው ከፊሉ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ድንኳን አልተተከለለትም እንጂ። ለቅሶ ቤት ገብተን ከሐዘንተኛ ጋር አንሟገትም። ስልክ ላይ ግን ሐዘንተኛው ማን እንደ ሆነ አይታይም፤ አንዳንዴም ሐዘንተኛው እኛው ራሳችን ነን።

ሰዓቱ ደረሰ የሚባለው መቼ ነው?

አማርኛ ለዚህ የራሱ መለኪያ አለው፤ ተውላጠ ስሞቹን ማየት ነው። ከታላቅህ ጋር ስትጽፍ «እርስዎ» ብለህ ጀምረህ «አንተ» ላይ ከደረስክ፣ ክርክሩ ያበቃው እዚያ ጋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የምትጽፈው ሁሉ ስለ ጉዳዩ ቢመስልም ስለ ንቀት ነው። ከእኩያ ጋር ደግሞ ምልክቱ «አንተ» ወደ «እናንተ» ሲለወጥ ነው። «አንተ እንዲህ ብለሃል» የሚለው ሰው አሁንም የሚያናግረው አንድ ሰው ነው። «እናንተ ድሮም እንዲህ ናችሁ» ያለ ጊዜ ግን የሚያናግረው ሰው ጠፍቷል፤ በአንድ ሰው ፊት ቆሞ ለአንድ ሕዝብ እየተናገረ ነው። «እናንተ» የተባለ ሰው ደግሞ ስለ ራሱ ብቻ መመለስ አይችልም፤ የአያቱንም የጎረቤቱንም መልስ ተሸክሞ ይመጣል። ይህን ቃል ሌላው ከጻፈ መውጫው ደርሷል። እኔ ከጻፍኩት ግን አልፏል።

የሌሎቹን ምልክቶች ነገር ባጭሩ፤ አንድ ነጥብ ሦስተኛ ጊዜ እየደገምኩ ከሆነ፣ የሰውየውን የድሮ ፖስቶች ማሰስ ከጀመርኩ፣ ራት ቀርቦ ከቀዘቀዘ፣ ወይም መልሱ እስኪመጣ ስክሪኑን እያየሁ ከተቀመጥኩ፣ ነገሩ ከሐሳብ ወደ ሰውነቴ ወርዷል ማለት ነው።

አወጣጡ

በደንብ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ሦስት ወይም አራት ዐረፍተ ነገር ነው። ለአጎቴ መጻፍ የነበረብኝን አሁን አውቀዋለሁ፦

«ጋሼ፣ ስለ ተፈናቃዮቹ ያሉት እውነት ነው፣ እኔንም ያመኛል። ምክንያቱ ላይ አልተግባባንም። በጽሑፍ እየተካረረብን ስለሆነ እዚህ ላቁም። እሁድ እደውልልዎታለሁ።»

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ከእሳቸው ንግግር ውስጥ አንድ እውነት ይመርጣል፤ የሐሰት ምስጋና መሆን የለበትም፣ ብዙ ጊዜ ግን እውነተኛ ነገር አይጠፋም። ሁለተኛው ልዩነቱን አይደብቅም። «እሺ ልክ ነዎት» ብሎ መውጣት ውሸት ነው፤ ነገ እንደገና ይነሳል። ሦስተኛው መውጣቴን ይናገራል፣ ጥፋቱንም በአካሄዱ ላይ እንጂ በእሳቸው ላይ አይጥልም። አራተኛው በር ይከፍታል። በሩ ግን ቀን ሊኖረው ይገባል። «አንድ ቀን እናወራለን» ማለት አናወራም ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከእኩያ ጋር ከዚህ ያጥራል፦ «ወንድሜ፣ ያንተ ገብቶኛል፣ የእኔንም ተናግሬያለሁ። ከዚህ ካለፍን የምንጎዳዳ ይመስለኛል፣ ልተወው።» ለማላውቀው ሰው ደግሞ «አንብቤዋለሁ፣ አልተስማማንም። ደህና እደር» ይበቃል። ስም በሌለው፣ ፎቶ በሌለው ገጽ ለሚሳደብ ሰው ግን የስንብት ዕዳ የለብንም፤ ዝም ብሎ መሄድ ነውር አይደለም።

የተሳሳትን ከሆነ መውጫው ከሁሉም ይሰፋል። «ያጋራሁት ፎቶ የዚህ ሳምንት ሳይሆን የቆየ መሆኑን አሁን አየሁ። ተሳስቻለሁ፣ አንስቼዋለሁ።» እንዲህ የጻፈ ሰው የተዋረደበት ግሩፕ አላየሁም። ያነሱትን ነገር ግን «አንስቼዋለሁ» ብሎ መናገር ይገባል፤ በዝምታ የጠፋ ፖስት ስክሪንሾቱ ከሌላ ሰው እጅ ሲወጣ ያንኑ ያህል ያሳፍራል።

አሁን ደግሞ መውጫ ስለሚመስሉ፣ ግን መውጫ ስላልሆኑ ቃላት። በር ላይ ቆሞ ድንጋይ መወርወር መውጣት አይባልም። «ለማይገባው ሰው ማስረዳት ድካም ነው፣ ቻው» ብሎ የሄደ ሰው ሌላውን ለመልስ አስገድዶታል፤ የወረወረው ድንጋይም ከራሱ ስም ጋር እዚያው ይቀራል። የእኛ የተለመደው ድንጋይ በጸሎት የተጠቀለለ ነው፦ «ፈጣሪ ልቦና ይስጥህ።» ቃሉ ምርቃት ነው፤ የተባለው ሰው ግን «ልቦና የለህም» መባሉን በደንብ ይሰማል። ጸሎት ከልብ ከሆነ በስውር ይጸለይ። ኮመንት ውስጥ ሲጻፍ የሚሰማው ሰው እንጂ ፈጣሪ አይመስለኝም።

ከወጡ በኋላ አለመመለስ ደግሞ ከመውጣቱ ይከብዳል። የመጨረሻውን ቃል ሌላው ይውሰደው። ከሰዓት በኋላ «አንድ ነገር ብቻ ልጨምር» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ እሱ መመለሻ ነው። በኢንቦክስ መቀጠልም ያው መመለስ ነው፤ ስክሪንሾት አንስቶ ሌላ ግሩፕ ላይ «እዩት ይህን» ማለት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ቁራኛውን ሌላ ሰፈር ወስዶ መጎተት ነውና።

ኩርፊያና መውጣት

ይህን ለይቼ የማነሳው በእኛ ዘንድ ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው። የሆድን በሆድ ይዞ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ሲቆጠርልን አድገናል። ግን «ሆድ ይፍጀው» ያለ ሰው ከክርክሩ አልወጣም፤ ክርክሩን ይዞት ሄደ። ኩርፊያ መልስ ነው፣ ያውም ረጅሙ። በፋሲካ ስልክ አይደወልም፣ ለሰርግ «ሥራ በዛብኝ» ይባላል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ምክንያቱ ተረስቶ ቂሙ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ በቤተሰብና በጓደኛ መካከል ድንገት ዝም ማለት አይበቃም፤ ዝምታው ኩርፊያ ተብሎ ይተረጎማል። ቢያንስ አንድ መስመር መጻፍ ያስፈልጋል። ከግሩፕ «ሌፍት» ማለትም እንደዚሁ ነው። በትንሽ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የወጣ ሰው ስሙ ለሁሉም ይታያል፤ እንግዳ በተቀመጠበት ሳሎን በሩን በኃይል ዘግቶ እንደ መሄድ ይቆጠራል። ዋትስአፕ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ መውጣታችንን ለአድሚኖቹ ብቻ ነው የሚነግረው፣ ግን በቤተሰብ ግሩፕ አድሚኗ ታላቅ እህት ናት፣ ወሬው አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ለዚህ የሚሻለው ሚዩት ነው። ግሩፑ ይቀራል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ የልደትና የምርቃት ፎቶ ሲመጣ ገብቶ ማየት ይቻላል። ፌስቡክ ላይ የአንድን ሰው ፖስት ለ30 ቀን ብቻ ከዓይን ማራቅ ይቻላል፤ ጓደኝነቱ አይቋረጥም፣ ሰውየውም አያውቅም። ከአንድ ፖስት ሥር የሚመጣውን ማሳወቂያ ብቻ ማጥፋትም ይቻላል። ብሎክ ደግሞ ለዛቻና ለሚያሳድድ ሰው የተቀመጠ መሣሪያ ነው፤ ለአጎት አይደለም።

ዝም ብሎ መውጣት የማይገባበት ቦታ

አንድ ልዩነት አለ፣ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ የጻፍኩት ሁሉ ጎዶሎ ይሆናል። የአንድ ሰው ፎቶ፣ ስምና የሚኖርበት ሰፈር ተለጥፎ ሥሩ ዛቻ እየተጻፈ ከሆነ፣ ወይም አንድን ሕዝብ ማጥቃት በግልጽ እየተሰበከ ከሆነ፣ ያ ክርክር አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህሩ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት በፌስቡክ ላይ ስማቸውንና ፎቶአቸውን የያዙ፣ ለጥቃት የሚያጋልጡ ጽሑፎች ተለጥፈው እንደ ነበር፣ እንዲነሱ ቢጠየቅም በጊዜው እንዳልተነሱ ልጃቸው ለኬንያ ፍርድ ቤት ባቀረቡት ክስ ገልጸዋል። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ቀርቦ፣ በ2025 ፍርድ ቤቱ የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ሥሩ ገብቶ መሟገት አይጠቅምም፤ ኮመንቱ ፖስቱን ከፍ ያደርገዋል። ማስረጃውን በስክሪንሾት መያዝ፣ ለመተግበሪያው ሪፖርት ማድረግ፣ ሌሎችም ሪፖርት እንዲያደርጉ በግል መንገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሙ የተጠራውን ሰው ማስጠንቀቅ ነው የሚገባው። በአገራችን የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ላሰራጨ ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ይደነግጋል። ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የመብት ተሟጋቾች የአዋጁ ትርጓሜዎች ሰፊና አሻሚ ናቸው ብለው ተችተዋል፤ እኔም ፍርሃታቸው ይገባኛል። ተናዶ ሼር የሚያደርግ ሰው ግን አዋጁ ለእሱም መሆኑን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ገላጋዩን መመለስ

እስካሁን የተናገርኩት አንድ ሰው ብቻውን ስለሚያደርገው ነው። ከዚያ ግን የተሻለ አለ፤ ግሩፑ ራሱ ገላጋይ ሊኖረው ይችላል። የቴሌግራም አድሚን የአባላትን የመጻፊያ ጊዜ ማዘግየት ይችላል፤ አንድ ሰው አንድ መልእክት ከላከ በኋላ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ሌላ መላክ አይችልም። የጠፋውን ተራ ይመልሳል ማለት ነው። አንድ ሰዓት የጠበቀ ንዴት ደግሞ ብዙውን ጊዜ መልክ ይቀይራል፤ ሰው የጻፈውን መልሶ ያነብባል፣ ግማሹን ያጠፋል።

እኛ ያደረግነው ግን ከዚህም የቀለለ ነው። ከአጎቴ ጋር ከተጣላን ከሳምንታት በኋላ፣ እሁድ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የጓደኛቸውን እናት ሞት ነገሩኝ፤ ያን ሌሊት ከእኔ ጋር ሲጻጻፉ መርዶውን ከሰሙ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ስለ ፖለቲካው ምንም አልተስማማንም፣ እስከ ዛሬም አልተስማማንም። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ግን ሐሳቡን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ በግሩፑ ውስጥ ማንም ሰው፣ ትንሹም ትልቁም፣ «በሕግ አምላክ» ብሎ ከጻፈ፣ ሁሉም ሰው ያን ርዕስ እስከ ማግሥቱ ይተወዋል። «ለምን?» አይባልም፣ «ማን አጠፋ?» አይባልም።

ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ከሁለት ወር በኋላ፣ በምርጫ ጉዳይ ነው። ነገሩ የተጀመረው ቤይሩት ባለችው የአክስቴ ልጅና በወንድሜ መካከል ነበር፣ ከዚያ ጋሼ ገቡ፣ ከዚያ እኔ። መልሴን ጽፌ ልልክ ስል እናቴ፣ በግሩፑ ውስጥ «አሜን» እና «እንኳን አደረሳችሁ» እንጂ ሌላ ጽፋ የማታውቀው እናቴ፣ ከጎኔ ተቀምጣ በአንድ ጣቷ ፊደል ስትፈልግ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ላይ መጣ፤ «በህግ አምላክ።»

ወንድሜ የጀመረውን አጠፋ። እኔም አጠፋሁ። ከሜሪላንድ «ቆሜያለሁ እትዬ» የሚል መጣ፣ ቀጥሎም የጋሼ ፎቶ፤ በረንዳቸው ላይ በቆርቆሮ የተከሉት ጤና አዳም አድጎ። እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቅጠሉን ስታይ ቆየችና «ውኃ አብዝቶበታል፣ ንገረው» አለችኝ።